«እንቢ አለች» ያልናት ዓሣ፦ ስለ ውኃ፣ ስለ እንክብካቤና ስለማይታየው ነገር

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



በዚህ መድረክ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድንበር ሲነገር ሰምታችኋል። እኔም ካሁን ቀደም እዚሁ ቆሜ ስለ መሬት ሥሪት ተናግሬአለሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን የተነሣው ጣት ከማታህል አንዲት ዓሣ ነው። ርእሱን አይተው ፈገግ ያሉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ዳሩ ግን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባል የለ? ዘንዶው ምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለልጄ ልደት ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች፣ አንድ የመስታወት ገንዳና አንድ ትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ ገዛን። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛዋ ዓሣ ከገንዳው ጥግ አልንቀሳቀስ አለች። ክንፎቿን ሰበሰበች፤ የተበተነላትን ምግብ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም። በእኛ ቤት ደግሞ በሽተኛ እህል እንቢ ካለ ቤተ ሰቡ ይሸበራል። እናት «በሞቴ» ትላለች፤ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ ጉርሻው ይደጋገማል። እኔም ያደግሁበትን አደረግሁ። ጠዋት በተንሁ፣ ቀትር በተንሁ፣ ማታም በተንሁ። ውኃው ሲደፈርስ ገንዳውን ባዶ አድርጌ ጠጠሩንም ስፖንጁንም በቧንቧ ውኃ እስኪያብረቀርቁ ድረስ አጠብኋቸው። በአራተኛው ቀን ዓሣዋ ሞተች። ልጄም «አባዬ፣ ለምን አልበላችም?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ታሪክ ጸሐፊ መልስ ሲያጣ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ መሄድ። እኔም ሄድሁ።

ዓሣን ለመብል ሳይሆን ለማየት ማኖር ጥንታዊ ልማድ ነው። ቻይናውያን ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ወርቃማውን ዓሣ በኩሬና በሸክላ ጋን ሲያራቡ ኖረዋል፤ በ1596 ስለዚሁ ዓሣ አያያዝ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። የዘመናዊው አኳሪየም ታሪክ ግን ከመስታወት ጋር የተያያዘ ነው። በ1832 ገደማ ዣን ቪልፕሮ-ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ የባሕር እንስሳትን በመስታወት ገንዳ አኑራ ታጠና ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በመስታወት ላይ ተጥሎ የነበረው ግብር በ1845 ሲነሣ መስታወት ረከሰ። የውኃን ውስጥ ከጎን ማየት ለመካከለኛው መደብ ቤተ ሰብ የሚቻል ሆነ።

የታሪኬ ዋና ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት ነበረ። በ1849 የጸደይ ወራት 12 ጋሎን፣ ማለትም 54 ሊትር ያህል በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያ የተባለ የውኃ ዕፅ አኖረ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዕፁ ይወስዳል፣ ዕፁ የሚሰጠውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል። ጥቂት እንደቆየ ግን የዕፁ ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውኃውም ደፈረሰ፤ መስታወቱን አረንጓዴ አተላ ሸፈነው። ዋሪንግተን ጥቂት የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ። እነርሱ የበሰበሰውን በሉ፤ የጣሉትን ዕንቁላል ደግሞ ዓሣዎቹ በሉት። ውኃው ጠራ። በ1850 ይህንኑ ለኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ፤ በእንስሳትና በዕፅዋት መካከል ሚዛን ከተጠበቀ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ዘላቂ ሕይወት ይኖራቸዋል አለ።

ውብ ሐሳብ ነበር፤ በፍጥነትም ተስፋፋ። በ1853 የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የመጀመሪያውን የሕዝብ የዓሣ ቤት ከፈተ። በ1854 የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተባለው መጽሐፍ ታተመ። እንግሊዛውያን ቤተ ሰቦች በየሳሎናቸው ገንዳ አስቀመጡ። ይህ ሁሉ ትኩሳት ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1860ዎቹ በረደ። ሚዛኑ በጽሑፍ እንደተነገረው ቀላል አልነበረምና በብዙ ቤት ዓሣው ምግብ እንቢ አለ፤ ቀጥሎ ውኃው ሸተተ፤ ቀጥሎም ገንዳው ወደ ጓዳ ገባ።

ቆም ብለን እንመልከት። ዋሪንግተን ምን አየ? ዓሣውን፣ ዕፁን፣ ቀንድ አውጣውን፤ የሚታየውን ሁሉ አየ። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ እንደሚያስወጣና ይህም አሞኒያ መልሶ ዓሣውን ራሱን እንደሚመርዝ ግን በሚዛኑ ስሌት ውስጥ አልገባም። የተበተነና ያልተበላ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በውኃው ሲከማች ስንጥቡ ይቃጠላል፤ ዓሣው ይደክማል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይጠፋል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ሌሎች ሊቃውንት የታመመውን ዓሣ ራሱን መመርመር ያዙ። ፈረንሳዊው ፉኬ በ1876 በዓሣ ቆዳ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ስለሚያመጣው ጥቃቅን ተውሳክ ጽፎ ስም አወጣለት፤ የስሙ ትርጉም «ባለ ብዙ ልጅ የዓሣ ቅማል» ማለት ነው። በ1904 ደግሞ ጀርመናዊው ብሩኖ ሆፈር ስለ ዓሣ በሽታዎች ሰፊ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዛሬም ምግብ የተወ ዓሣ ሲያጋጥመን በቆዳውና በክንፉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የምንፈልገው ከእነዚህ ሰዎች በወረስነው ዓይን ነው። ነጠብጣብ የሌለበት፣ ቁስል የማይታይበት፣ ነገር ግን የማይበላ ዓሣስ?

መልሱ የመጣው ዓሣ ከሌለበት ቦታ ነው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ፈረንሳውያን የከተማ ፍሳሽን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ዱቄት በተሞላ ረጅም ቱቦ አሳለፉ። ለ20 ቀን ያህል ፍሳሹ እንደገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን አሞኒያው እየጠፋ በምትኩ ናይትሬት ይወጣ ጀመር። በቱቦው የክሎሮፎርም ትነት ሲያሳልፉ ሥራው ቆመ። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው አሸዋው ሳይሆን በአሸዋው ላይ የሰፈረ ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነ ተረዱ። ያ ቱቦ በባሕርዩ ዛሬ በየዓሣ ገንዳው ከምንሰቅለው ማጣሪያ ጋር አንድ ነው።

ይህን ሥራ በእንግሊዝ አገር ተቀብሎ የቀጠለው ማን ይመስላችኋል? በሮትሀምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሮበርት ዋሪንግተን ነው፤ የዚያ የባለ ዓሣው ዋሪንግተን ልጅ፣ ሞክሼው። ልጁ የተወለደው በ1838 ነው። አባቱ ሁለቱን ዓሣዎች በመስታወት ዕቃው ሲያኖር የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረ፤ ኬሚስትሪንም የጀመረው በአባቱ ቤተ ሙከራ ነው። በሮትሀምስቴድ አፈርን ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ ነገሩ ሁለት ደረጃ እንዳለው አሳየ፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ባክቴሪያዎቹን አጥርቶ መነጠል ግን አልሆነለትም፤ ያን ክብር በ1890 በዙሪክ የነበረው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ወሰደ።

እንግዲህ የአባት ጥያቄ መልስ በልጁ እጅ ነበረ። አባትየው በ1867 አርፏልና አላየውም። ልጁም አፈርን እንጂ ገንዳን አያጠናም ነበር። የአፈር ኬሚስትሪና የዓሣ ርባታ የተለያዩ ማኅበራትና የተለያዩ መጽሔቶች ነበሯቸው። በዓሣ አርቢዎች መጻሕፍት የዕፅና የዓሣ «ሚዛን» ለአሥርተ ዓመታት ሲደገም ኖረ። በ1949 አሜሪካዊው ጄምስ አትዝ ሚዛኑን ተረት ነው እስከ ማለት ደረሰ፤ ለዓሣ እስትንፋስ ዋናው ነገር የውኃው ገጽ ከአየር ጋር መገናኘቱ ነውና። በገንዳ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም በሚገባ የተጠኑት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ እውቀት ከአባት ቤት ወጥቶ ወደ አባት ቤት ለመመለስ መቶ ዓመት ገደማ ወሰደበት።

አሁን ወደ ሟቿ ዓሣ ልመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ማቆሟ ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያዎቹን አሟልቶ ለማፍራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሳምንት አሞኒያና ናይትራይት ከፍ የሚሉበት ጊዜ ነው። እኔ በርኅራኄ የበተንሁት ምግብ መርዙን ጨመረ። ስፖንጁን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ሳጥበው ደግሞ መብቀል የጀመሩትን ጥቂት ባክቴሪያዎች ገደልሁ። በመመገብም፣ በማጽዳትም ጎዳኋት።

ሁለተኛዋ ዓሣ በዚያው ወር ምግብ አቆመች። በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄዬን ያቀረብሁት ለውኃው ነበር። መጀመሪያ ምግብ መስጠት ተውሁ፤ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ወርቃማ ዓሣ ሳምንት ያህል ሳይበላ ቢቆይ ያን ያህል አይጎዳውም። ከታች የተጠራቀመውን ትርፍራፊ አወጣሁ። ውኃውን በመመርመሪያ ጠብታ ስለካው ዜሮ መሆን የሚገባው አሞኒያ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ስለዚህ በየቀኑ ከውኃው ሲሶውን ያህል ቀየርሁ፤ የምተካው ውኃ ክሎሪኑ እንዲተን በሰፊ ዕቃ ያደረ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ነበር። ማጣሪያውን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ አለቀለቅሁ። የአየር መንፊያም ጨመርሁ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች፣ በእኩል ሙቀት ላይ ያለ ውኃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቆዳዋን በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ ነጠብጣብ አልነበረባትም። በስድስተኛው ቀን ተላጦ የተቀቀለ የአተር ፍሬ ፍርፋሪ ጣልሁላት። ዞረችው፤ ተፋችው፤ ደግማ ወሰደችው። ልጄ ጮኸች። ዓሣዋ ዛሬም አለች።

አሁን ዘንዶው። ከዓመታት በፊት ባሳተምሁት አንድ ጥናት ውስጥ «የአካባቢው ገበሬዎች አዲሱን ምርጥ ዘር እንቢ አሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ቃሉን የወሰድሁት ከባለ ሥልጣናት ዘገባ ነው፤ ሰነዱ «እንቢ አሉ» ይላል፣ እኔም «እንቢ አሉ» ብዬ ጻፍሁ። የዓሣዋ ነገር ካለፈ በኋላ ወደዚያው ሰነድ ተመለስሁ። በዚያው መዝገብ፣ ጥቂት ቅጠሎች ወደ ኋላ፣ የዘሩ ዋጋ በብድር የሚሰጥና ከመኸር በፊት የሚከፈል መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። አንብቤው ነበር፤ ግን ከ«እንቢታው» ጋር አላገናኘሁትም። ከመኸር በፊት የሚከፍል እጅ የሌለው ሰው እንቢ አላለም፤ አልቻለም።

በአማርኛችን «እንቢ አለ» ስንል ፈቃድን እንናገራለን፤ የሚችል ሰው ሳይፈልግ ቀረ ማለታችን ነው። ልጄ «ለምን አልበላችም?» አለች እንጂ «ለምን እንቢ አለች?» አላለችም። እንቢ ያልነው እኛ አዋቂዎቹ ነን። ምንጮቻችን ብዙ ጊዜ ዓሣውን ይመዘግባሉ፤ ውኃውን ዝም ይሉታል፤ ወይም እንደ እኔ መዝገብ ከብዙ ቅጠል በኋላ፣ በሌላ ርእስ ሥር ያስቀምጡታል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ በሰነድ ውስጥ «እንቢ አሉ» የሚለውን ግስ ስታገኙ መጽሐፉን አትዝጉ፤ ጥቂት ቅጠሎች ወደ ኋላ ሂዱ።

ያቺ ዐረፍተ ነገር አሁንም በታተመው ጥናቴ ውስጥ አለች። ማረሚያውን ጽፌ ልኬአለሁ።