ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ
ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሐይቋ ዳር ስትቆረቆር ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች አስቀድመው ተሠመሩላት። ፒያሳዋ ግን ስሟን የወረሰችው ከአዲስ አበባዋ ፒያሳ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰፈሩ ያደገው በገበያ ዙሪያ ነበር።

በዚያው ሰፈር፣ በአራዳ፣ የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ታች ሱቅ ከፍተው ላይ፣ ሰገነት ባለው ቤት ይኖሩ ነበር። ከገበያው ቅዱስ ጊዮርጊስም ጣይቱ ሆቴልም በእግር ይደረስ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን (1928–1933) ከተማዋን በዘር ሊከፋፍል ተነሣ፤ የአገሬውን ገበያም ወደ መርካቶ አዛወረ።

ሱቅንና መኖሪያን በአንድ ሕንፃ የማጣመሩ ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፤ የአሜሪካዋ ማያሚ ከተማ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው የግንባታ ደንብ ከሕንፃው አገልግሎት ይልቅ ቅርጹንና ከመንገድ ጋር ያለውን ግንኙነት አስቀድማለች። ሜዳማዋ ሐዋሳ ለእግረኛና ለብስክሌት የተመቸች ናት፤ ፒያሳዋ ላይ የሚነሣ አዲስ ሕንፃም ምድሩን ለሱቅ፣ ፎቁን ለመኖሪያ ሊያውል ይገባዋል።