ከዛፍ ንድፍ እስከ ቀጥታ መስመር፦ የፒት ሞንድሪያን የአሣሣል መንገድ

በነጭ ሸራ ላይ ጥቂት ጥቁር መስመሮች ቆመውና ተጋድመው፥ በመካከላቸውም ቀይ፥ ሰማያዊና ብጫ አራት ማዕዘኖች ተቀምጠው ያየ ሰው፥ «ይህንማ ሕፃን ልጅስ መቼ ያቅተዋል!» ሲል እንሰማለን። እንዲህ ያለው ፍርድ የሚመጣው ፍጻሜውን ብቻ አይቶ መንገዱን ካለመመርመር ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ሥዕል ስሙ የታወቀው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፒት ሞንድሪያን ከየት ተነሥቶ ወደዚያ እንደ ደረሰ በአጭሩ ለመመልከት ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሞንድሪያን በ1872 ዓ.ም. በአመርስፉርት ከተማ ተወለደ። የንድፍን ሥራ የጀመረው በአባቱ ቤት ሲሆን፥ በ1892 ዓ.ም. በአምስተርዳም የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሣላቸው የነፋስ ወፍጮዎች፥ ወንዞችና የገጠር ቤቶች፥ ያየውን እንዳለ ለመሣል እጁ የተሟላ ችሎታ እንደ ነበረው ይመሰክራሉ። እንግዲህ ኋላ የተፈጥሮን መልክ የተወው መሣል አቅቶት አይደለም።

የለውጡን መንገድ ከሁሉ አጕልተው የሚያሳዩት የዛፍ ሥዕሎቹ ናቸው። ከ1908 እስከ 1910 ዓ.ም. በሠራው «ቀይ ዛፍ» ላይ ግንዱና ቅርንጫፎቹ ገና በግልጥ ይታወቃሉ፤ ቀለማቸው ብቻ ከተፈጥሮ ወጥቶ በሰማያዊ ሰማይ ላይ እንደ እሳት ይነዳል። በ1911 ዓ.ም. «ግራጫ ዛፍ» ውስጥ ደማቁ ቀለም ጠፍቶ፥ ቅርንጫፎቹና በመካከላቸው ያለው አየር እንደ አንድ ጨርቅ ተሸምነዋል። በ1911 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም የእነ ፒካሶንና የእነ ብራክን ሥራ አይቶ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1912 ዓ.ም. በሣለው «ያበበ የፖም ዛፍ» ላይም አበባው ቀርቶ የጐበጡ መስመሮች ብቻ ተረፉ።

በ1914 ዓ.ም. አባቱ ስለ ታመመ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወዲያውም አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ መመለሻውን ዘጋበት። በዚህ ጊዜ በዶምቡርግ ባሕር ዳር እየቆመ ወደ ውኃው የሚገባውን የእንጨት ድልድይና ማዕበሉን በከሰል ይነድፍ ነበር። ድልድዩ የቆመ መስመር፥ ማዕበሉ የተጋደመ መስመር ሆነ። ከአንዱ ንድፍ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚቀንሰው ከሚጨምረው ይበልጥ ነበር። በመጨረሻ በ1915 ዓ.ም. በተሠራው ሥዕል ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሚመስሉ አጫጭር ጥቁር መስመሮች ብቻ ቀሩ። የባሕሩ ስፋትና እንቅስቃሴ ግን አልጠፋም።

በ1919 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ተመልሶ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቀይ፥ በብጫና በሰማያዊ፥ ከእነርሱም ጋር በጥቁር፥ በነጭና በግራጫ ብቻ መሥራት ጀመረ። መስመሩን የሚያኖረው በስሌት ሳይሆን በዓይኑ ሚዛን ነበር፤ ካልተስማማው ያነሣዋል፥ ደግሞም ይቀባዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል ገዢ ስላልበዛለት አበባ በውኃ ቀለም እየሣለ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። እንጀራውን የሚሰጠው እጅና እምነቱን የሚገልጠው እጅ አንድ ሲሆኑ፥ አንዱ ሌላውን እንዲያሸንፍ አልፈቀደም።

በ1940 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ከተሻገረ በኋላ ባለ ቀለም የወረቀት ጥብጣብ በሸራው ላይ እየለጠፈና እየነቀለ የመስመሩን ስፍራ ይፈልግ ጀመር። በ1944 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ ሲሞት «ቪክቶሪ ቡጊ ዉጊ» የተባለው ሥዕሉ አላለቀም ነበር። በሔግ ከተማ ሙዚየም በሚገኘው በዚህ ሸራ ላይ ጥብጣቦቹ ዛሬም ተለጥፈው ይታያሉ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ንድፍ ላይ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ሥዕል መውደድም ሆነ መጥላት የተመልካቹ ፈንታ ነው። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ይሠራዋል የሚለው ፍርድ የብዙ ዓመት ድካምን መካድ ነው። የሥዕል ተማሪም ሞንድሪያንን ለመከተል ቢመኝ ከቀጥታው መስመር አይነሣ፤ ቀጥታው መስመር መድረሻ ነውና። መነሻው ዛፉን ደጋግሞ ማየት ነው።