የክብ ቲዎረሞች

የክብ ቲዎረሞች በጂዎሜትሪ ውስጥ በአንድ ክብ ላይ የሚገኙ ዘዌዎች (አንግሎች) እርስ በርሳቸው ያላቸውን ዝምድና የሚገልጹ ሕጎች ናቸው። በእነርሱ አማካኝነት የማይታወቅን ዘዌ በፕሮትራክተር ሳይለኩ ከሚታወቅ ዘዌ ተነስቶ ማስላት ይቻላል። ዋና ዋናዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ግሪካዊው ዩክሊድ በጻፈው «ኤለመንቶች» ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ከነማረጋገጫቸው ይገኛሉ።

ዋና ዋና ቲዎረሞች

1. ጫፉ በክቡ ማዕከል ላይ የሆነ ዘዌ፣ በዚያው ቅስት ላይ ቆሞ ጫፉ በክቡ ዙሪያ ላይ ካረፈ ዘዌ እጥፍ ነው።
2. በአንድ ቅስት ላይ ቆመው ጫፋቸው በክቡ ዙሪያ ላይ ያረፈ ዘዌዎች እኩል ናቸው።
3. በዲያሜትር ላይ ቆሞ ጫፉ በክቡ ዙሪያ ላይ ያረፈ ዘዌ 90° ነው።
4. አራቱም ጫፎቹ በክብ ላይ ያረፉ ጎነ አራት፣ ተቃራኒ ዘዌዎቹ ሲደመሩ 180° ይሆናሉ።

የመጀመሪያው የሚረጋገጠው የአንድ ክብ ሬዲየሶች እኩል በመሆናቸው ነው፤ ሁለት ሬዲየሶችና አንድ አውታር ሁልጊዜ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። ሌሎቹ ሦስቱ ከመጀመሪያው ይከተላሉ።

ምሳሌ፦ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ

በሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አራቱ ክንዶች እኩል እንደሆኑ ወስደን የጣሪያውን መስቀል በወረቀት ላይ ብንነድፍ፣ 8ቱ የውጭ ጫፎች ከማዕከሉ ወ እኩል ስለሚርቁ በአንድ ክብ ላይ ያርፋሉ። ከላይኛው ክንድ የግራ ጫፍ ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ይባሉ።

* መስቀሉ 90° ሲዞር ሀ በሐ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ∠ሀወሐ = 90°።
* በቲዎረም 1 መሠረት ∠ሀሠሐ = 45°። የዘዌው ጫፍ መ፣ ረ፣ ሰ ወይም ሸ ቢሆንም በቲዎረም 2 መሠረት ያው 45° ነው።
* ሀለሐሠ ጫፎቹ በክቡ ላይ ያረፉ ጎነ አራት ስለሆነ፣ በቲዎረም 4 መሠረት ∠ሀለሐ = 180° − 45° = 135°።
* ሀሠ ዲያሜትር ስለሆነ፣ በቲዎረም 3 መሠረት ∠ሀለሠ = 90°። ስለዚህ ∠ሠለሐ = 135° − 90° = 45°።

በስሌቱ ውስጥ የክንዶቹ ርዝመትም ሆነ ስፋት አልገባም። ክንዶቹ ቢሰፉም ቢጠቡም፣ እኩል እስከሆኑ ድረስ መልሱ አይለወጥም።

ጥንቃቄ

መስቀሉ በጠቅላላው 12 ማዕዘኖች አሉት። ክንዶቹ የሚገናኙባቸው 4 የውስጥ ማዕዘኖች ለማዕከሉ ስለሚቀርቡ በክቡ ላይ አይገኙም፤ ቲዎረሞቹም ለእነርሱ አይሠሩም። እንዲሁም ቲዎረም 2ን ለመጠቀም የዘዌዎቹ ጫፎች ከአውታሩ በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። ለአውታር ሀሐ፣ ከሠ በኩል ያለው ዘዌ 45° ሲሆን ከለ በኩል ያለው 135° ነው።