መድኃኒት ያልቀመሰ ሰው፣ መድኃኒት የለመደ ቫይረስ

ኤ ዜድ ቲ የተባለው መድኃኒት ለኤች አይ ቪ ሕክምና እንዲውል በአሜሪካ የተፈቀደው በመጋቢት 1987 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደስታው ረዥም ዕድሜ አላገኘም። ላርደር፣ ዳርቢና ሪችማን የተባሉት ተመራማሪዎች በ1989 ባወጡት ጥናት፣ መድኃኒቱን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከወሰዱ ሕሙማን የተገኘው ቫይረስ እንደ ቀድሞው ለመድኃኒቱ የማይበገር መሆኑን አስረዱ። ያን ጊዜ ነገሩ ከታካሚው ሰውነት የማያልፍ ሊመስል ይችል ነበር። በ1993 ግን ኤ ዜድ ቲን የለመደ ቫይረስ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ በጽሑፍ ተመዘገበ። ሱዛን ሊትልና ባልደረቦቻቸው በ2002 እንደ ገለጡትም፣ በሰሜን አሜሪካ በቅርቡ ተይዘው ሕክምና ካልጀመሩት ሰዎች መካከል ቢያንስ አንድ መድኃኒትን በከፍተኛ ደረጃ የሚቋቋም ቫይረስ የተገኘባቸው፣ ከ1995 እስከ 1998 ከነበረው 3.4 በመቶ በ1999 እና በ2000 ወደ 12.4 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ቫይረሱ ሲባዛ የዘር ጽሑፉን እየተሳሳተ ይገለብጣል። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ ቫይረሱን ራሱን ያደክሙታል፤ ላሚቩዲንን የሚያስለምደው ኤም 184 ቪ የተባለው ለውጥ እንዲህ ያለ ስለ ሆነ፣ መድኃኒት በሌለበት ሰውነት ቀስ በቀስ ከምርመራ ዓይን ይሰወራል። ኬ 103 ኤን ግን የተለየ ጠባይ አለው። የአንዲት ፊደል መለወጥ ብቻ ኔቪራፒንንና ኤፋቪሬንዝን ከንቱ ያደርጋል፤ ቫይረሱን እምብዛም ስለማያደክመውም፣ ክኒን በአፉ ባላደረገ ሰው ደም ውስጥ ለዓመታት ይቈያል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ2005፣ እንደ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ሁሉ፣ መነሻው በእነዚሁ በሁለቱ መድኃኒቶች ላይ የቆመ ሲሆን፣ የቫይረሱን ዘር አስቀድሞ መመርመር የተለመደ አሠራር አልነበረም። አሠራሩ አይነቀፍም፤ ምርመራው እስኪመጣ ቢጠበቅ ኖሮ ብዙ ሕይወት በጠፋ ነበር። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ያልቀነሰለት አዲስ ታካሚ ክኒኑን በሰዓቱ አልወሰደም ተብሎ በሚጠረጠርበት ጊዜ፣ ምክንያቱ ከቫይረሱ ጋር የተቀበለው ልምድ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ከሐኪሙ የሚጠበቅ ፍትሕ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሕክምና ከሚጀምሩት መካከል የእነዚህን መድኃኒቶች ዓይነት የለመደ ቫይረስ ያለባቸው 10 በመቶ ሲደርሱ አገሮች መነሻ ሕክምናቸውን በአስቸኳይ እንዲለውጡ አሳሰበ። በዚህ ቍጥር ውስጥ ቀደም ሲል መድኃኒት የቀመሱ፣ ለምሳሌ ቫይረሱ ወደ ልጃቸው እንዳይተላለፍ ኔቪራፒን የተሰጣቸው እናቶች ስለሚገኙ፣ ሁሉም በመተላለፍ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። በ2019 ድርጅቱ ዶሉቴግራቪርን ተመራጭ አደረገ፤ ኬ 103 ኤን ይህን መድኃኒት አይነካውም።

በ2024 የወጣው የድርጅቱ ዘገባ ዶሉቴግራቪርን የለመደ ቫይረስ ከተጠበቀው በላይ መታየቱን ገልጧል። የተመዘገበው በተለይ መድኃኒቱን ራሳቸው እየወሰዱ ቫይረሱ ባልቀነሰላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ በ1989 የኤ ዜድ ቲም ነገር እንዲሁ ነበር።