የተጻፈ ስሕተት፤ የናካሴሮ ታሪክ ስለ ባሕረ መዝገብ የሚያስተምረን

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል ለተማሪዎቹ ያልነገረ መምህር በመካከላችን አይገኝም። ብሂሉ የጽሕፈትን ክብር ለማስረዳት የተነገረ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከዚሁ ተያይዞ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የተጻፈው ነገር ስሕተት የሆነ እንደ ሆነ ወራሹ ማን ነው የሚል ነው። ጽሕፈት ከብራና ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ኮምፒዩተር በተሸጋገረበት በዘመናችን፣ ይህ ጥያቄ የኮምፒዩተርና የመረጃ ሥነ ምግባር ከሚባለው ትምህርት ዋና ዋና ጕዳዮች አንዱ ሆኗል። ለማስረጃ የሚሆነን ታሪክ በምሥራቅ አፍሪካ ወንድም አገር በኡጋንዳ ስለሚገኝ፣ በዚህ ሐተታ እርሱን እንመለከታለን፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ናካሴሮ የካምፓላ ከተማ ከተሠራችባቸው ኮረብታዎች አንዱ ነው። ከግርጌው ስመ ጥሩው የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ይገኛል፤ ከላይ በኩል ደግሞ የርእሰ ብሔሩ ማረፊያ ቤትና ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። ኢዲ አሚን በጥር 1971 ሥልጣን ከያዘ በኋላ «የመንግሥት ምርምር ቢሮ» የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ዋና ቤቱም በዚሁ ኮረብታ ላይ ነበረ። ምርምር እኛ መምህራን የምናከብረው ቃል ነው፤ በዚያ ቤት ግን የሚመረመረው ሰው ነበረ። ጠቋሚው የሰማውንና የሰማ የመሰለውን ያቀርባል፤ ወሬው በወረቀት ይሰፍራል፤ ስሙ የሰፈረበትም ሰው ተይዞ ይመጣል። ወደዚያ ከገቡት ብዙዎቹ በሕይወት አልወጡም። በሚያዝያ 1979 የታንዛኒያ ጦርና የኡጋንዳ ስደተኞች ካምፓላን በያዙ ጊዜ፣ ከሟቾቹ አስከሬን ጋር ብዙ ሰነድ በየወለሉ ተበታትኖ ተገኘ። ስለ ሰው የተጻፈው ወረቀት ከሰውየው ይልቅ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም መዝገብ ነበረ። በ1971 በኡጋንዳ የሚኖሩ እስያውያን ለብቻቸው እንዲቈጠሩ ታዘዘ፤ በነሐሴ 1972 ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ተነገራቸው። የኡጋንዳ ዜጎች ነን ያሉትም ወረቀታቸውን ይዘው እየተሰለፉ እንዲያስመረምሩ ተደረገ፤ ብዙዎቹም የእንግሊዝ ዜግነታችሁን በጊዜው አልተዋችሁም በሚልና ይህን በመሰለ ምክንያት ዜግነታቸውን ተነጠቁ። ሕዝብን መቍጠር በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ ለአንድ ጕዳይ የተሰበሰበ ዝርዝር ነገ ለሌላ ጕዳይ እንደሚውል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የሆነው በወረቀት ነው። ኮምፒዩተር የመጣው በኋላ ነው፤ የመጣውም በመልካም አሳብ ስለ ሆነ፣ ከአሚን ዘመን ሥራ ጋር አንድ ነው ማለት ፍርድ ማጣመም ይሆናል። ኡጋንዳ በ2014 ዜጎቿን በእጅ አሻራና በፎቶግራፍ መመዝገብ ጀመረች፤ በ2015 የወጣውም ሕግ የመታወቂያና የምዝገባ ባለሥልጣንን አቋቋመ። ሕዝቡ «ንዳጋ ሙንቱ» የሚለው መታወቂያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለስልክ ቍጥርና ለልዩ ልዩ የመንግሥት አገልግሎት የሚጠየቅ ሆነ።

መንግሥት ለአረጋውያን በወር 25 ሺህ ሽልንግ ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ ይህንንም ለመቀበል መታወቂያው ግዴታ በሆነ ጊዜ ችግሩ ተገለጠ። የገጠር ሽማግሌ የተወለደበትን ቀን የጻፈለት ሰው የለም። በእኛም አገር አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርሁ» እንደሚሉት፣ እርሱም ዘመኑን የሚቈጥረው በጦርነትና በረኃብ ነው። መዝጋቢው ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በግምት ይሞላል። ግምቱ አሥር ዓመት ቢያጐድል፣ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ በባሕረ መዝገቡ የሰባ ዓመት ሰው ሆኖ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በመቈፈር ጣቱ ስለ ተላገ፣ መሣሪያው አሻራውን ማንበብ ይሳነዋል። በ2021 አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማእከል ከሁለት የኡጋንዳ ድርጅቶች ጋር ባወጣው ጥናት፣ ከ80 ዓመት በላይ ከሆናቸው አረጋውያን መካከል ቢያንስ 50 ሺህ የሚሆኑት መታወቂያ በማጣት ወይም በመታወቂያቸው ላይ ባለ ስሕተት ምክንያት ድጎማው እንደ ቀረባቸው ገምቷል።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው መፈለግ ከንቱ ነው። መዝጋቢው የታዘዘውን ሠራ፤ ገንዘብ ከፋዩም ደንቡን ጠበቀ፤ መሣሪያውም የተጻፈለትን አነበበ። ሽማግሌው ግን ባዶ እጁን ተመለሰ። «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል» በተባለ ጊዜ መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል፤ ጥፋቱም ባለቤት አልባ ይሆናል።

ይህን አደጋ አስቀድመው ያዩ ሊቃውንት ነበሩ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የመሣሪያ ክፍል ሆኖ እንዳይቈጠር አስጠንቅቋል። ጆሴፍ ዋይዘንባውም ደግሞ በ1966 ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም የሠራ የኮምፒዩተር ሊቅ ነበረ፤ ሰዎች መሣሪያውን እንደሚያስብ ፍጡር አድርገው ምሥጢራቸውን ሲነግሩት ባየ ጊዜ ግን ደነገጠ። በ1976 ባወጣው መጽሐፍም፣ ኮምፒዩተር ሊሠራው ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ እንዳለ ጻፈ፤ በማስላትና በመፍረድ መካከልም ድንበር አበጀ። ይህ ሰው በ1936 ከናዚ ጀርመን ከወላጆቹ ጋር የተሰደደ አይሁዳዊ ልጅ እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ሥጋቱ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ኡጋንዳም ዝም አላለችም። በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን የማየትና የማሳረም መብት ይሰጠዋል። በ2022 የሲቪክ ድርጅቶች መታወቂያው ከአገልግሎት የማግለያ ምክንያት እንዳይሆን በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በ2025ም አዲስ ምዝገባና እድሳት ተጀመረ። ነገር ግን መዝገቡ የተከፈተው በ2014፣ የጥበቃው ሕግ የወጣው በ2019 መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ቤቱ ተሠርቶ በሩ በኋላ ተገጠመ።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ፋይዳ የተባለው መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ይመዘግባል፤ ዐዋጁ ቍጥር 1284 በ2023፣ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ በ2024 ወጥተዋል። የመዝገብን ጥቅም የሚክድ የለም፤ መዝገብ ባይኖር የእኛም ደመወዝ፣ የተማሪውም ማዕርግ አይታወቅም ነበር። የሚፈለገው መዝገቡን መዝጋት ሳይሆን መዝጋቢውን ተጠያቂ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ኮምፒዩተርን የሚያስተምር መምህር ፊደል መጫንን ብቻ አስተምሮ ሥራዬን ፈጸምሁ ሊል አይገባውም። ተማሪው በማናቸውም መዝገብ ፊት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ ማልመድ አለበት፦ ማን ጻፈው? ለምን ጕዳይ ተጻፈ? ቢሳሳትስ ማን ያርመዋል? ለትምህርቱም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ስምና የልደት ቀን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ ከክርስትና ወይም ከቀበሌ ወረቀት፣ ከወላጆቻቸውም ቃል እያመሳከሩ ልዩነቱን ይጻፉ፤ የሚያገኙት ነገር ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራቸዋል።

በመጨረሻም ራሳችንን እንመርምር። ለብዙ የገጠር ልጅ ስሙንና ዕድሜውን በመጀመሪያ በወረቀት ያሰፈረው መምህሩ ነው። በመስከረም ወር ረዥም ሰልፍ ከፊታችን ቆሞ፣ እናቲቱ «የማርያም ለት ነው የተወለደ፤ ዓመቱን እንጃ» ስትለን፣ ብዕራችንን አንሥተን አንድ ዓመት እንጽፋለን። ያ የጻፍነው ዓመት ከልጁ ጋር ይኖራል፤ ወደ ኮምፒዩተሩም ይገለበጣል፤ ምናልባትም ሽማግሌ ሆኖ በአንድ መስኮት ፊት በቆመ ጊዜ ይጠይቀዋል። በጽሑፍ ያለ ይወረሳልና፣ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናቲቱን ደግመን እንጠይቅ።