የሠንጠረዥ የመረጃ ቋት በገዢዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘበት ምክንያት (1970–1985)

በዛሬ ጊዜ በባንክ፣ በአየር መንገድና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራበት የመረጃ ቋት አብዛኛው በሠንጠረዥ የተደራጀ ስለ ሆነ፣ አሠራሩ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ታሪኩን ለመረመረ ሰው ግን ነገሩ እንደዚህ አይደለም። ሐሳቡ ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመታት ገዢ አጥቶ፣ በተወለደበት ኩባንያ ውስጥም በጥርጣሬ ሲታይ ኖሯል። ይህ አጭር ጥናት የሚመረምረው የሐሳቡን ትክክለኛነት ሳይሆን፣ ገንዘብ የሚከፍለው ሰው በምን ምክንያት እንዳመነበት ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ከተሠሩት የመረጃ ቋቶች መካከል ትልቅ ስም ያገኘው የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ያወጣው አይ ኤም ኤስ ነው። የተሠራውም ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የሚያስፈልገውን እጅግ ብዙ የዕቃ ዝርዝር ለመያዝ ሲሆን፣ በ1968 በሮክዌል ኩባንያ ሥራ ጀመረ። መረጃውን የሚያደራጀው እንደ ሐረገ ትውልድ ነው። ይኸውም ሞተሩ አባት ቢሆን፣ ክፍሎቹ ልጆች፣ የክፍሎቹ ብሎኖች ደግሞ የልጅ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ከአባት ወደ ልጅ ለሚወርድ ጥያቄ ይህ አሠራር ፈጣን ነው። ዳሩ ግን «ይህ ብሎን በየትኞቹ ሞተሮች ውስጥ ይገኛል?» ብሎ ከታች ወደ ላይ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ መንገዱ አስቀድሞ ካልተጠረገለት በቀር ፕሮግራም ሠሪው ዛፉን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መዞር ነበረበት። የመዝገቡ አደረጃጀት በተለወጠ ጊዜም ቀድሞ የተጻፉትን ፕሮግራሞች እንደገና ማረም ግድ ይሆናል።

በአይ ቢ ኤም የሳን ሆዜ የምርምር ቤት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ዶክተር ኤድጋር ኮድ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አመለከተ። መረጃው ሁሉ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ መረጃው የሚገኝበትን መንገድ መፈለግ የኮምፒዩተሩ ሥራ ይሁን፤ የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው። ጽሑፉ የተጻፈው ግን በሒሳብ ሊቃውንት ቋንቋ ነው። የአንድ መድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ያን አንብቦ ገንዘብ ያወጣል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

በ1974 በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በአን አርበር ከተማ በተደረገው ጉባኤ ኮድና ቻርልስ ባክማን ፊት ለፊት ተከራከሩ። ባክማን በዓመቱ በፊት የቱሪንግን ሽልማት የተቀበለ፣ ፕሮግራም ሠሪውን በመረጃ ባሕር ላይ መርከቡን እንደሚመራ ሰው የሚያይ ታላቅ ባለሙያ ነበር።

ስለዚህ ዘመን ሲነገር የአይ ቢ ኤምን ሹማምንት ዕውሮች አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። እኔ ግን ይህን አባባል አልቀበለውም። አይ ኤም ኤስ ገቢ ያስገባ ነበር፤ ደንበኞችም በእርሱ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ፕሮግራሞቻቸውን አስጽፈዋል። ከዚህም በላይ የሠንጠረዡ አሠራር በቂ ፍጥነት እንዳለው በዚያ ጊዜ ማንም በሥራ አላሳየም። የኮምፒዩተር ሰዓት ውድ በነበረበት ዘመን፣ የሚዘገይ ነገር ውብ ነው ተብሎ አይገዛም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ሁለት የምርምር ሥራዎች ናቸው፤ አንደኛው በሳን ሆዜ የተሠራው ሲስተም አር፣ ሁለተኛው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስቶንብሬከርና ዎንግ የመሩት ኢንግረስ ነው። ፓትሪሺያ ሴሊንገር ከባልደረቦችዋ ጋር በ1979 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተሩ ካሉት መንገዶች መካከል ወጪው አነስተኛ የሆነውን አስልቶ እንዴት እንደሚመርጥ አሳየች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1977 የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ሲስተም አርን በሥራ ላይ መሞከር ጀምሮ ነበር።

በዚሁ መካከል የሒሳቡ ሚዛን ራሱ ተለወጠ። የኮምፒዩተር ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሲወርድ፣ የፕሮግራም ሠሪ ደመወዝ ግን ወጣ። የሽያጭ ሹሙ አንድ አዲስ ዝርዝር ሲፈልግ ለፕሮግራም ክፍሉ አመልክቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ዝርዝሩ በደረሰለት ጊዜ ግን ጉዳዩ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ገዢውን ያሳመነው ክርክር እዚህ ላይ ይገኛል፤ በርካታ ገጽ ፕሮግራም ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ በጥቂት መስመር ይጻፋል። ኮድ ራሱ ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል የንግግሩን ርእስ በሒሳብ ሳይሆን በምርታማነት ላይ አድርጎታልና።

ሆኖም ገዢው አንድ ሌላ ፍርሃት ነበረው፤ ያልተለመደውን ዕቃ ገዝቶ ሻጩ ቢጠፋስ? በ1977 በነላሪ ኤሊሰን የተቋቋመው ትንሽ ኩባንያ የሲስተም አርን የታተሙ ጽሑፎች ተከትሎ፣ አይ ቢ ኤም ያወጣውን የመጠየቂያ ቋንቋ ተቀበለ። በ1979 ኦራክልን ለገበያ ሲያቀርብም «ሁለተኛ እትም» ብሎ ሰየመው፤ የመጀመሪያ እትም ተብሎ የተሸጠ ግን አልነበረም። የመጀመሪያውን እትም ማን ይገዛል ብለው ነው። ዘዴው ያስቃል፤ ቢሆንም የገዢውን ልብ ማወቃቸውን ያሳያል። የቋንቋው ከአይ ቢ ኤም ጋር አንድ መሆን ግን ከእትሙ ቁጥር የበለጠ ዋስትና ነበረ።

አይ ቢ ኤም በ1981 ኤስ ኪው ኤል ዲ ኤስን፣ በ1983 ደግሞ ዲ ቢ ቱን አወጣ፤ ያም ሆኖ አዲሱን ከአይ ኤም ኤስ ጎን አቆመው እንጂ አሮጌውን አልጣለም። በ1985 ነገሩ ተገልብጦ፣ የቀድሞ ዕቃቸውን «ሪሌሽናል» እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስለ በዙ፣ ኮድ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩ ደንቦች በኮምፒዩተርወርልድ ጋዜጣ ላይ አሳተመ። አይ ኤም ኤስም እስከ ዛሬ ድረስ በትልልቅ ድርጅቶች ቤት ይሠራል።