የገብስ ልጓም፦ የአንድ ጂን ታሪክ



ዕፅዋት እንደ እኛ በደም የሚዘዋወሩ ተከላካይ ሕዋሳት የሏቸውም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን መጠበቅ ይኖርበታል። ይሁንና መከላከል ዋጋ ያስከፍላል። ያለ ልክ የሚዋጋ ተክል የራሱን ቅጠል ያደርቃል፤ ፍሬውም ያንሳል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ሚዛን ስለሚጠብቅ አንድ የገብስ ጂንና ከሀገራችን ማሳ ጋር ስላለው ትስስር ነው። ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1905 እንግሊዛዊው ሮውላንድ ቢፈን፣ ስንዴ ቢጫ ዋግን የመቋቋም ጠባዩ በሜንዴል ሕግ እንደሚወረስ አሳየ። በ1940ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር ተልባንና የተልባን ዋግ አጥንቶ፣ ለተክሉ ተከላካይ ጂን በበሽታ አምጪው ዘንድ አቻ ጂን እንዳለው አስረዳ። ከዚህ አንድ መራራ እውነት ተከተለ፤ ፈንገሱ ያን አቻ ጂን የለወጠ ዕለት የተክሉ ጋሻ ከንቱ ይሆናል። ብዙ የተሻሻሉ ዝርያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዋግ የተሸነፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የገብስ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1942 ፍራይስሌበንና ላይን የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች፣ በኤክስሬይ ከተመታ ገብስ መካከል ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ተክል አገኙ። ኤም-ኤል-ኦ በሚባለው ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ ነበር። ተመሳሳዩ ጠባይ በተፈጥሮ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዘሩን የጀርመን አሳሾች በ1937 እና በ1938፣ ሀገሪቱ በኢጣሊያ ወረራ ሥር ሳለች፣ ሰብስበው ወስደውት ነበር።

በ1997 ጂኑ ተለይቶ ሲነበብ ምስጢሩ መገለጥ ጀመረ። ፕሮቲኑ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሲሆን፣ ተግባሩ ጋሻ መሆን ሳይሆን የመከላከልን ኃይል እንደ ልጓም መያዝ ነው። ልጓሙ ሲላላ፣ ሕዋሱ ፈንገሱ ሊገባ በሞከረበት ቦታ ግድግዳውን ያጠናክራል፤ ወራሪውም ከደጅ ይቀራል። ከኢትዮጵያ የተገኘውን ጠባይ የያዘ ዝርያ በ1979 ለአውሮፓ ገበሬዎች ቀረበ፤ መከላከያውም ለአሥርት ዓመታት ጸና። ዋጋው ግን አልቀረም፤ ልጓሙ የላላበት ቅጠል ያለ በሽታ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ምርትም ሊቀንስ ይችላል። ይህን ጉዳት ለመቀነስ አዳቃዮች ረጅም ጊዜ ደክመዋል።

በ2004 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውን ገብስ መረመረ። በእርሱ ውስጥ ጂኑ አልተሰበረም፤ ከአጠገቡ የራሱ ቁራጭ ቅጂዎች ተደጋግመው ገብተው ሥራውን ያውካሉ። ጥናቱ ለውጡ የተከሰተው ገብስ በሰው እጅ መዘራት ከጀመረ በኋላ መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ ይህ ሀብት የዱር ስጦታ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ማሳ ያፈራውና ትውልድ ከዓመት ዓመት መርጦ በጎተራ ያቆየው ነው።

ያ ዘር ሲወሰድ የገበሬውን መብት የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም። በ1976 የዘር ባንካችን ተቋቋመ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን መብት ደነገገ። ሆኖም ባንክ ዘርን ያቆያል እንጂ ከአዳዲስ በሽታ ጋር አያታግለውም። ያ ትግል የሚካሄደው በማሳ ነው። ነባሩ ገብስ መዘራቱ በቀረ መጠን፣ ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ይዘጋል።